ምሰሶና መለኪያ፦ የሴት አካል በሕንጻ ፊት

በአገራችን «ሴት የቤት ምሰሶ ናት» ይባላል። ይህን ቃል የሚናገር ሰው ለማክበር እንጂ ለማዋረድ ብሎ አይናገረውም፤ ነገር ግን አባባሉን ረጋ ብሎ ለመረመረው፣ ከምስጋናው ሥር ሌላ ነገር ተሰውሮ ይታያል። ምሰሶ ጣራውን ይሸከማል፣ ያለ እርሱም ቤቱ አይቆምም፤ ይሁን እንጂ ምሰሶ ከተተከለበት ስፍራ አይነቃነቅም፣ መድከሙን የሚጠይቀው የለም፣ ቤቱም ሲሠራ እርሱ በጣራው ልክ ይቆረጣል እንጂ ጣራው በእርሱ ልክ አይታሰብም። እንግዲህ የሴት አካል ለሕንጻ ተሸካሚው ብቻ ነው ወይስ መለኪያውም ጭምር ሊሆን ይገባዋል? ይህ ጥያቄ የሐናጽያን ብቻ አይደለም፤ በቤት ውስጥ ተወልዶ፣ በቤት ውስጥ አድጎ፣ ከቤት ወጥቶ የሚቀበር ሰው ሁሉ ጥያቄ ነው።

የዚህ ዳሰሳ ዓላማ፣ ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ የተነሡ ሴቶች ጠቢባን ይህን ጥያቄ በምን መንገድ እንዳነሡትና በምን መንገድ እንደ መለሱት፣ ከመልሶቹም የትኛው ጸንቶ እንደ ቆየ መመርመር ነው። አብዛኞቹ የያዙት ሙያ የክዋኔ ጥበብ፣ በባዕድ አጠራሩም ፐርፎርማንስ አርት የሚባለው ነው፤ ይኸውም ሠዓሊ በሸራና በቀለም፣ ቀራጺም በድንጋይና በመሮ የሚፈጽሙትን ሥራ፣ ከዋኙ በገዛ አካሉ፣ በተወሰነ ስፍራና በተወሰነ ሰዓት የሚፈጽምበት ጥበብ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚቀረው ፎቶግራፍ፣ ፊልምና የተመልካች ትዝታ ብቻ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

የነገሩ ሥር የሚገኘው በጥንታውያን ዘንድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ሐናጺ ቪትሩቪዩስ ስለ ሥነ ሕንጻ በጻፋቸው ዐሥር መጻሕፍት ውስጥ፣ የቤተ መቅደስ ክፍሎች መልካም ቁመና እንዳለው ሰው ብልቶች እርስ በርሳቸው ሊስማሙ ይገባል ሲል አስተማረ፤ እጁንና እግሩን ዘርግቶ በጀርባው የተኛ ሰው በክብና በአራት ማዕዘን ውስጥ ልክ እንደሚገባም አመለከተ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1490 ገደማ ይህን ትምህርት በሥዕል ስለ ገለጠው፣ ያ ክንዱን የዘረጋ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ የፍጹም ልክ ምሳሌ ሆኖ ይታያል፤ ያም ሰው ወንድ ነው። ቪትሩቪዩስ ለሴት አካል ስፍራ አልነፈጋትም፤ የሰጣት ስፍራ ግን ሌላ ነው። ዶሪክ የተባለው ዓምድ ውፍረቱና ቁመቱ በወንድ እግርና ቁመት አምሳል 1 ለ 6 ሆኖ ሲወሰን፣ ቀጠን ያለው ኢዮኒክ ግን ከሴት አካል ተወስዶ 1 ለ 8 እንደ ሆነ፣ በራሱ ላይ ያለው ጥቅልል የጠጉሯ፣ በጎኑ ላይ የተፈለፈለው መስመርም የቀሚሷ እጥፋት ምሳሌ እንደ ሆነ ጻፈ።

ከዚህም ይልቅ ልብን የሚነካው ካርያቲድ ስለሚባሉት ምስሎች የተነገረው ነው። በአቴና በአክሮፖሊስ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በታነጸው በኤሬክቴዮን ቤተ መቅደስ በረንዳ፣ ስድስት የድንጋይ ደናግል ጣራውን በራሳቸው ተሸክመው ቆመዋል፤ ዛሬ በስፍራው ያሉት ቅጂዎች ሲሆኑ፣ ከዋናዎቹ አምስቱ በአቴና በአክሮፖሊስ ሙዚየም፣ አንዲቱ በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ቪትሩቪዩስ እንደሚተርከው፣ ካርያ የተባለች ከተማ ከፋርስ ጋር አብራ በግሪኮች ላይ ስለ ተነሣች፣ ግሪኮች ድል ባደረጉ ጊዜ ወንዶቿን ገድለው ሴቶቿን ማረኩ፤ ሴቶቹም የወይዘሮነት ልብሳቸውን ሳያወልቁ በባርነት እንዲኖሩ ተፈረደባቸው፤ የዘመኑ ሐናጽያንም ቅጣታቸው ለትውልድ እንዲታወስ ምስላቸውን ቀርጸው ሸክም አሸከሟቸው። ሊቃውንት የታሪኩን እውነተኛነት ቢጠራጠሩም፣ የሥነ ሕንጻ መጽሐፍ የሴትን አካል ከጣራ ሥር ማቆምን ከምርኮና ከቅጣት ጋር አያይዞ መተርጎሙ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ይህ ሁሉ ያለፈ የጥንት ነገር ነው የሚል ቢኖር፣ ወደ እኛው ዘመን ቀረብ ብሎ የዝነኛውን ሐናጺ የሌ ኮርቡዚዬን ሥራ ይመልከት። ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቤትንም ከተማንም የሚገዛ አዲስ መለኪያ አውጥቶ «ሞዱሎር» ሲል ሰየመው፤ የመለኪያውም መሠረት ክንዱን ወደ ላይ ያነሣ ወንድ ሲሆን፣ አስቀድሞ 1.75 ሜትር የነበረው ቁመቱ ኋላ 1.83 ሜትር እንዲሆን ተደረገ፤ ምክንያቱም በእንግሊዝ የወንጀል ልብ ወለዶች ውስጥ እንደ ፖሊሶቹ ያሉት መልከ መልካሞች ሁልጊዜ ስድስት ጫማ ስለሚረዝሙ ነው ተባለ። በማርሴይ ከተማ በ1952 የተፈጸመው ታላቅ የመኖሪያ ሕንጻ የክፍሎቹ ጣራ 2.26 ሜትር ከፍ ያለው፣ የዚሁ ምናባዊ ሰው ክንድ ሲዘረጋ እስከዚያ ስለሚደርስ ነው። በዚያ ሕንጻ ውስጥ ስታበስልና ልጅ ስታጥብ የምትውለው ሴት ቁመት ግን የሒሳቡ መነሻ አልሆነም።

በዚያው በሞዱሎር ዘመን፣ በ1946 እና በ1947፣ በ1911 በፓሪስ ተወልዳ በ1938 ወደ ኒው ዮርክ የተሻገረችውና በዚያም ሦስት ወንዶች ልጆች ታሳድግ የነበረችው ሉዊዝ ቡርዡዋ «ፋም ሜዞን» ያለቻቸውን ሥዕሎች ሣለች፤ ትርጓሜው «ሴት-ቤት» ማለት ነው። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ያለችው ሴት ታችኛው አካሏ ራቁቱን ሲሆን ላይኛው አካሏ ግን ቤት ሆኖ ይታያል፤ ቤቱ ፊቷን ስለ ሸፈናት አታይም፣ አትታወቅም፣ በአንጻሩም የተሸሸገች ሲመስላት እርቃኗ ለሁሉ ተገልጦ ይኖራል። ቤት ይጠብቃል የሚለውን እምነት በአንድ ምስል የመረመረ ከዚህ የበለጠ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል። ሥራው ሥዕል እንጂ ክዋኔ አልነበረም፤ ቢሆንም ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ ጣሊያናዊቱ ሞኒካ ቦንቪቺኒ ራቁቷን የሆነች ሴት ቤት መሰል ሣጥን በራሷ ላይ ደፍታ ከግድግዳ ግድግዳ ስትላተም በቪዲዮ ቀርጻ ስታሳይ፣ የቡርዡዋ ዝምተኛ ሥዕል ድምፅ አወጣ።

መለኪያውን ራሱን ደፍራ የነካችው ግን ኦስትሪያዊቱ ቫሊ ኤክስፖርት ናት። በ1940 በሊንዝ ተወልዳ በደናግል ገዳም ትምህርት ቤት ያደገችው ይህች ሴት፣ በ1967 የአባቷንም የባሏንም ስም ትታ፣ ከአንድ የሲጋራ ዓይነት ስም የወሰደችውን መጠሪያ የራሷ አደረገች። ከ1972 እስከ 1982 ድረስ አንዳንድ ጊዜ ራሷ፣ አንዳንድ ጊዜም ሌላ ሴት፣ በቪየና ደረጃዎች፣ በዓምዶች ሥርና በመንገድ ጠርዝ ላይ አካሏን ከድንጋዩ ጋር እያስማማች በመተኛት፣ በመጎንበስና በመታጠፍ ፎቶግራፍ ትነሣ ነበር፤ ፎቶግራፉም ከታጠበ በኋላ ጥቁር ወይም ቀይ መስመር ትሰምርበት ነበር። በ1976 በተሠራው በአንደኛው ፎቶግራፍ ላይ፣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ በሚዞርበት ስፍራ እርሷም እንደ ቀስት ተለጥጣ ተኝታ፣ ጠርዙን ተከትሎ የሚሄድ ቀይ መስመር አካሏንና ድንጋዩን አንድ አድርጎ ይከብባቸዋል። ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚገባው የአካሏ ልምላሜ ሳይሆን መጨነቁ ነው፤ ድንጋዩ አይታጠፍምና የምትታጠፈው እርሷ ናት። ከተማ ሁልጊዜ በነዋሪዎቹ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ነገር ግን የለመድነው ስለ ሆነ አናየውም።

ፈረንሳዊቱ ኦርላን ደግሞ ሥራውን ገለበጠችው። የጥንቱ ፈላስፋ ፕሮታጎራስ ሰው የሁሉ ነገር መለኪያ ነው ማለቱን ይዛ፣ እንግዲያውስ እኔም ሰው ነኝና ልለካ በማለት፣ በ1970ዎቹ ዓመታት መንገዶችንና ታላላቅ ሕንጻዎችን በገዛ ቁመቷ ትለካ ጀመር። ለጋብቻዋ ከተዘጋጀላት አንሶላ የተሰፋ ቀሚስ ለብሳ መሬት ላይ ትተኛለች፣ ከራሷ በላይ በጠመኔ ትሰምራለች፣ በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች ወደ ፊት ሄዳ እንደ ገና ትተኛለች፤ ስፍራው ስንት «ኦርላን-አካል» እንደ ሆነም በምስክሮች ፊት ተቆጥሮ ይጻፋል። ሲያልቅ ቀሚሷን አጥባ እድፉን ውሃ በጠርሙስ አሽጋ ታስቀምጣለች። በ1977 ገና መከፈቱ የነበረውን የፓሪሱን የፖምፒዱ ማእከል፣ በ1983 ደግሞ የኒው ዮርኩን የጉገንሃይም ሙዚየም ለክታለች። የሁለቱን ሴቶች ሥራ ስናነጻጽር፣ ኤክስፖርት አካል በሕንጻ ሥር እንዴት እንደሚጨነቅ ስታሳይ፣ ኦርላን ሕንጻን ሁሉ በአካሏ ሥር አዋለችው፤ የታጠበውም እድፍ፣ በታላላቆች አዳራሽ ወለል ላይ ሁልጊዜ አጣቢ እንዳለች ያስታውሳል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ አደባባይና ስለ ታላላቅ ሕንጻዎች ነው፤ የሴት ዋናው ስፍራ ተብሎ የኖረው ግን ጓዳው ነውና፣ ወደዚያ የገባውን ሥራ በስፋት ማየት ይገባል። በ1971 ጁዲ ሺካጎና ሚርያም ሻፒሮ በካሊፎርኒያ የጥበባት ተቋም የሴቶች የጥበብ ትምህርት ክፍል አቋቁመው፣ ተማሪዎቻቸውን ይዘው በሎስ አንጀለስ በሆሊውድ ሰፈር ሊፈርስ የተወሰነበት 17 ክፍል ያለው ባዶ ቤት ያዙ። ተማሪዎቹ የተሰበረውን መስኮት በገዛ እጃቸው ገጠሙ፣ ግድግዳውን ቀቡ፣ እያንዳንዱንም ክፍል የአንዲት ሴት ሕይወት ክፍል አድርገው ሠሩት፤ ስሙንም «ውመንሐውስ»፣ ማለት የሴት ቤት አሉት። ቤቱ ከጥር 30 እስከ የካቲት 28 ቀን 1972 ድረስ ለሕዝብ ተከፈተ። በልብስ ማስቀመጫው ቁም ሣጥን ውስጥ መደርደሪያው አካሏን የከፋፈላት የሴት ምስል፣ አንድ እግሯን አውጥታ ለመሄድ ስትቃጣ ትታይ ነበር፤ በደረጃው ላይ ሙሽሪት ቆማለች፤ በማድ ቤቱ ጣራ ላይ የተጠበሱት እንቁላሎች ወደ ግድግዳው ሲወርዱ ጡት እየሆኑ ይሄዳሉ። በሳሎኑ ውስጥ አንዲት ሴት በጉልበቷ ተንበርክካ ወለል ስትፈገፍግ፣ ሌላይቱ ስትተኩስ፣ ከዚህ በቀር ምንም ሳይደረግ ይታያል። ፌይዝ ዊልዲንግ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጣ እየተወዛወዘች፣ ሴት ከሕፃንነት እስከ እርጅና የምትጠብቀውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ በዝግታ ትቆጥር ነበር፤ ተመልካቾቹ ሴቶች የገዛ ዘመናቸው ሲቆጠር እየሰሙ ያለቅሱ ነበር ይባላል። ትርኢቱ ካበቃ በኋላ ቤቱ ፈረሰ።

ስለ ማድ ቤት ስንናገር አንድ ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ ፍርዳችን ይጎድላል። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1926፣ ኦስትሪያዊቱ ሐናጺት ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ «የፍራንክፈርት ማድ ቤት» የተባለውን ነድፋ ነበር፤ ሴቲቱ በሥራ ላይ የምትራመደውን እርምጃ አስልታ፣ ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ሁሉን ነገር በእጅ መድረሻ አስቀመጠችው፤ በከተማይቱም ወደ 10,000 በሚሆኑ ቤቶች ውስጥ ተሠራ። እነሆ የሴት አካል መለኪያ ሆነ። ነገር ግን ድካሟን ያቀለለው ክፍል ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ስለ ነበረ፣ ሴቲቱን ከቤተሰቧ ለይቶ ለብቻዋ አስቀራት የሚል ወቀሳ ኋላ ተነሣበት። ከዚህ የምንማረው፣ ልኩ ተስተካክሎ ሥራው ለእርሷ ብቻ ከቀረ ፍትሕ በግማሹ እንደሚቆም ነው። አሜሪካዊቱ ማርታ ሮዝለር በ1975 ስድስት ደቂቃ በሚሆን ቪዲዮ የማድ ቤት ዕቃዎችን በፊደል ተራ እያነሣች፣ ቢላዋውንና ጭልፋውን በቁጣ ስታወዛውዝ ያሳየችውም የዚህን የታፈነ ክፍል ትንፋሽ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ግን የጥያቄውን መሠረት የነቀለችው፣ እንደ ጸሐፊው እምነት፣ አሜሪካዊቱ ሚርል ላደርማን ዩክልስ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች በኋላ ቀኑን ሙሉ የምትሠራው እንክብካቤ ማንም ሥራ ብሎ የማይቆጥረው መሆኑን አይታ፣ በ1969 ማጽዳትና መንከባከብ ራሱ ጥበብ ነው የሚል መግለጫ ጻፈች። በ1973 በሃርትፎርድ ከተማ በ1842 ወደ ተቋቋመው ዋድስዎርዝ አቴኒየም ሙዚየም ሄዳ፣ ለአራት ሰዓት የውጭውን ደረጃ፣ ለአራት ሰዓትም የውስጡን ወለል በውሃና በጨርቅ አጠበች፤ ጎብኚ በረገጠው ቍጥር እንደ ገና ታጥባለች። ሥነ ሕንጻ መሠረት የተጣለበትንና ሪባን የተቆረጠበትን ቀን ያከብራል፤ ሕንጻው ግን የሚኖረው በየማለዳው በሚጠረግበት እጅ መሆኑን በዚያች ቀን ደረጃው ላይ የተንበረከከች ሴት አሳየች። ከ1979 እስከ 1980 ድረስም የኒው ዮርክን ከተማ የጽዳት ሠራተኞች፣ ቁጥራቸው 8,500 የሆነውን፣ እየዞረች አንድ በአንድ እጃቸውን ጨብጣ አመሰገነች። እነዚያ ሠራተኞች ወንዶች ነበሩ፤ ስለዚህም ነገሩ ከሴት ጥያቄ ተነሥቶ የለፍቶ አዳሪ ሁሉ ጥያቄ ሆነ።

በዚህ መካከል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያለፈች አንዲት ወጣት አለች። ፍራንቼስካ ዉድማን በ1958 ተወልዳ በፕሮቪደንስ ከተማ ስትማር፣ በ1976 ገደማ በፈረሱ ቤቶች ውስጥ ራሷን ፎቶግራፍ ታነሣ ነበር፤ የተቀደደ የግድግዳ ወረቀት አካሏን ሸፍኖ፣ ከምድጃው ጠርዝ ኋላ ገብታ፣ ወይም የካሜራው ዓይን ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ሳለ በመንቀሳቀሷ እንደ ጭጋግ ሆና ትታያለች። በጥር ወር 1981፣ በ22 ዓመቷ ዐረፈች። ቤቱ እርሷን ዋጣት ወይስ እርሷ ቤቱን ለበሰችው ተብሎ እስከ ዛሬ ይከራከሩባታል፤ ፎቶግራፎቿ ግን ግድግዳና ገላ ሁለቱም የሚፈርሱ ወንድማማች መሆናቸውን ይመሰክራሉ።

በአማርኛ «መድረክ» የምንለው ቃል የበርን ደፍ ከማመልከቱ በላይ የትርኢት ስፍራንም ያመለክታል፤ ይህን የቃል ሀብት በሥራ የተረጎመ የሚመስል ክዋኔ በ1977 በጣሊያን በቦሎኛ ተደርጓል። ከዋኟ ማሪና አብራሞቪችና የሥራ ባልደረባዋ ኡላይ በሙዚየሙ ጠባብ መግቢያ ግራና ቀኝ ራቁታቸውን ፊት ለፊት ስለ ቆሙ፣ የሚገባው ሁሉ በጎኑ ሆኖ በመካከላቸው ይጋፋና ወደ ማን ፊቱን እንደሚያዞር ይመርጥ ነበር፤ ከ90 ደቂቃ በኋላም ፖሊስ አስቆመው። አብራሞቪች ራስዋን የሴቶች ንቅናቄ አባል አድርጋ ባትቈጥርም፣ በር ገለልተኛ አለመሆኑንና መግባት ሁልጊዜ ከአካል ጋር መገናኘት መሆኑን ያሳየው ሥራዋ ከዚህ ዳሰሳ ሊቀር አይችልም።

ለእነዚህ ሥራዎች የቀረቡት ተቃውሞዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው፣ ሴት እርቃኗን ስታሳይ፣ ምንም እንኳ ዓላማዋ ተቃውሞ ቢሆን፣ ለዚያው ለለመደው የወንድ ዓይን ምግብ ትሆናለች የሚል ነው፤ ሐያሲዋ ሉሲ ሊፓርድም በ1976 ይህን አደጋ በብርቱ መርምራዋለች። ሁለተኛው የጥቁር ሴቶች ነው። አሜሪካዊቱ ጸሐፊ ቤል ሁክስ በ1990 እንዳመለከተችው፣ ቀኑን በሌላ ሰው ቤት ስታገለግል ለምትውል ጥቁር ሴት፣ የገዛ ቤቷ ወህኒ ሳይሆን ክብሯን መልሳ የምታገኝበት መጠጊያና የትግል ስፍራ ነበር፤ ስለዚህ ቤት ለሴት ሁሉ እስር ነው የሚለው ብያኔ የአንድ ወገን ብያኔ ነው።

የዚህን ሁለተኛ ተቃውሞ እውነት በሥራ የገለጠችው ጥቁር አሜሪካዊቷ ሴንጋ ኔንጉዲ በ1978 በሎስ አንጀለስ ከፈጣን መንገድ ድልድይ ሥር፣ የኮንክሪቱን ዓምዶች በሴት የናይለን ስቶኪንግ አልብሳ፣ ከማረን ሃሲንገርና ከዴቪድ ሃመንስ ጋር ወንድንና ሴትን የሚያስታርቅ ሥርዓት በዜማና በእንቅስቃሴ ፈጸመች። ቪትሩቪዩስ በዓምድ ላይ የሴትን ቀሚስ ሲያይ ሴቲቱን ድንጋይ አድርጎ ነበር፤ ኔንጉዲ ግን ለድንጋዩ ገላ ሰጠችው። የጓቴማላዋ ሬጂና ሆሴ ጋሊንዶም በ2003፣ በእልቂት ይከሰስ የነበረው የቀድሞው የአገሪቱ ወታደራዊ ገዥ ሪዮስ ሞንት ለፕሬዚዳንትነት እንዲወዳደር በተፈቀደ ጊዜ፣ የሰው ደም ያለበት ሳሕን ይዛ እግሯን እየነከረች ከሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት እስከ ብሔራዊው ቤተ መንግሥት በባዶ እግሯ ተራመደች። አልተናገረችም፤ በሁለቱ ሕንጻዎች መካከል የቀረው የደም ዱካ ግን ሕንጻዎቹ የሚደብቁትን ተናገረ።

ወደ እኛም የሚደርስ አንድ ጅማት አለ። በዋሽንግተን የምትሠራው ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊቷ ፀዳዬ መኮንን፣ በመስተዋት መሰል ሣጥኖች ላይ የኢትዮጵያ መስቀሎችን ሐረግ አስፈልፍላ፣ ሣጥኖቹን እርስ በርስ ደራርባ የብርሃን ዓምድ ታቆማለች፤ ሣጥኖቹንም በግፍ በተገደሉ ጥቁር ሴቶችና በሜዲትራንያን ባሕር በሰጠሙ ስደተኞች ስም ትጠራቸዋለች፤ በእነርሱም መካከል ክዋኔ ትፈጽማለች። ሥራዋ በ2023 በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም አፍሪካንና ቢዛንታይንን ባገናኘው ዐውደ ርእይ ታይቷል። ካርያቲዶች ስም የሌላቸው ምርኮኞች ሆነው ሲሸከሙ፣ በእነዚህ ዓምዶች ግን ሴቲቱ ጣራ አልተጫነባትም፤ ስሟ ተጠርቶ ብርሃን ትሰጣለች።

እንግዲህ ሁሉን መዝነን ፍርዳችንን እንስጥ። በእርቃን የተደረጉት ክዋኔዎች በጊዜያቸው ዓለምን አስደንግጠዋል፤ ድንጋጤ ግን ያልፋል፣ ዓይንም ይለምዳል። ጸንተው የቆዩት አካል የሚሠራውንና የሚሸከመውን ያሳዩት ናቸው፤ የኦርላን የታሸገ እድፍ ውሃ፣ የውመንሐውስ ወለል ፈግፋጊ፣ ከሁሉም በላይ ዩክልስ ያጠበችው ደረጃ። እነዚህ ሕንጻ በአንድ ጊዜ ታንጾ የሚያልቅ ሳይሆን በየዕለቱ በሰው ጉልበት እንደ ገና የሚታነጽ መሆኑን አስተምረዋል፤ ያን የሚያንጸውም ሰው በመለኪያው ውስጥ እንዲቆጠር ጠይቀዋል።

ስለዚህ በአገራችን ሕንጻ በየቀኑ በሚበቅልበት በዚህ ዘመን ቤት የምታሠራ ሆይ፣ መሠረቱን ከማስቆፈርህ በፊት ከባለሙያው ጋር ተቀምጠህ ሦስት ነገር ጠይቅ፤ በዚህ ቤት ውስጥ ከማለዳ እስከ ማታ የሚውለው ማን ነው? የማድ ቤቱ መደርደሪያ የሚለካው በማን ክንድ ነው? ደረጃውንስ የሚያጥበው ማን ነው? መልሱን ሳታገኝ ምሰሶውን አትትከል።